አስታማሚዋ ማን ናት?

ጋሽ ቸኮል ማረፋቸውን የሰማሁት አንበሳሜ ገበያ፣ ድንቼን አራግፌ መሪዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው። ጎረቤቴ ደውላ «ንጋት ላይ አረፉ፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ትደርሻለሽ?» አለችኝ። እደርሳለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ሳላስበው ዓይኔ ወደ ሙቀት መርፌው ሄደ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ መርፌው ከታች ተኝቷል፤ የሚታይ ነገር የለም። ቢሆንም አየሁት። ይህን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው።

ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩው ብቻ ይወራል። እኔ እንደዚያ አልችልበትም። ደብረ ታቦር ውስጥ በልቤ ቂም የያዝኩባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የባሌ ወንድም ሞገስ አለ። ባሌ ከሞተ በኋላ ሰላምታቸው ያጠረ የእድር ሰዎች አሉ። «በዚህ ዕድሜዋ መሪ ትጨብጥ?» ያለችኝ የገዛ አክስቴ አለች። ጋሽ ቸኮልም ለረጅም ጊዜ ከነዚህ ጋር ነበሩ። ሾፌሮች በተሰበሰቡበት «የሻረግ ማርሽ ስትለውጥ በርበሬ የምትወቅጥ ትመስላለች» ብለው አስቀውብኛል። ያን ዕለት የሳቁትን ሰዎች ዛሬም አንድ በአንድ በስማቸው እጠራለሁ። እሳቸውን ከዝርዝሩ ለምን እንዳወጣኋቸው ግን እናገራለሁ።

ጋራዣቸው ጋራዥ አይባልም። ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ሁለት ባሕር ዛፍ የቆመበት ግቢ ነው፤ ታፔላም የለው። እሳቸው የተገለበጠ ቸርኬ ላይ ይቀመጣሉ። ታጥቦ ታጥቦ ሰማያዊነቱ የጠፋ ቱታ፣ በላዩ ጋቢ፣ ራሳቸው ላይ የሱፍ ኮፍያ። ስማቸው ቸኮል ነው እንጂ ሲቸኩሉ ያየ የለም። መኪና እየተነነች፣ እያፏጨች ግቢያቸው ስትገባ አይነሱም። «አስታማሚዋ ማን ናት?» ይላሉ፤ የያዛት ወንድ ከሆነ «አስታማሚው ማን ነው?» ባለ መኪና የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። መኪናዋ ታማሚ ናት፤ ይዟት የመጣው አስታማሚ ነው። አስታማሚ ደግሞ ተቀምጦ ይናገራል።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የሞቀ ሞተር አይነካም። መዳፍን ኮፋኖው ላይ አሳርፎ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ነው፤ ሳይጨርስ እጁን ያነሳ ሰው ገና ይጠብቃል። ከሩቅ አገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር «ጋሼ፣ እኔ ግዕዝ አልችልም» ቢላቸው «በምትችለው በል፤ እሷ ቋንቋ አትመርጥም» አሉት። ልጁም በአገሩ ቋንቋ አነበነበ። እጁን ሲያነሳ «የእናንተ ያጥራል መሰለኝ፤ ድገመው» አሉት።

ሁለተኛው ሕግ፣ አስታማሚ ሁሉን ሳይናገር ኮፋኖ አይከፈትም። የምትሞቀው ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆማ? ቆማ ከሆነ ነፋስ አጥታለች፤ ማራገቢያዋን እናያለን። ዳገት ላይ ከሆነ ውሃው አልዞረላትም። ውሃ ታጎድላለች? የጎደለው የት ይሄዳል፣ መሬት ላይ ይንጠባጠባል ወይስ በጭስ ማውጫ ይወጣል? ከመታመሟ በፊት ማን ነካት? ይህን ሁሉ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ተኝተዋል ብሎ ሰው ዝም ሲል «እሽ፣ ከዚያስ?» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ መኪናውን በአዲስ ሾፌር ላከላቸው። «ትናንት የመጣ ሰው ምን ያስታምማል? ያመማት ዕለት አብሯት የነበረው ይምጣ» ብለው መለሱት። ኃላፊው ተቆጥቶ መጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከረቫቱን እንዳሰረ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንግሥትን መኪና እናቱ አገር እየወሰደ ባሕር ዛፍ ሲያስጭናት እንደነበር ሲናዘዝ በዓይኔ አይቻለሁ። የማራገቢያዋ ቺንጋ ላልቶ ነበር፤ አጠበቁላት። ሲሸኙት «ለእናትህ ሰላም በልልኝ» አሉት።

እኔ ወደዚያ ግቢ የገባሁት ባሌ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። ባሌ የተወልኝ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ናት። ሞገስ «የወንድሜ ናት» አለና ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ፍርድ ያሉትን ሰጡ፤ «የሻረግ ራሷ እስከነዳቻት ድረስ የእሷ ትሁን፤ መንዳት ያቃታት ቀን ለሞገስ ትሂድ።» ወር የምቆይ አልመሰላቸውም። እኔ ግን ከጋሳይ ድንች ጭኜ አንበሳሜ እያወረድኩ፣ ከአንበሳሜ ሽንኩርትና በርበሬ ይዤ ዳገቱን እየወጣሁ ሁለት ዓመት ነዳሁ። ሞገስ ባገኘኝ ቁጥር «እትዬ፣ ደከመሽ?» ይለኛል። «አልደከመኝም» እለዋለሁ።

ደክሞኝ ነበር። ፍሪሲዮን የምረግጥበት ግራ ጉልበቴ ማበጥ ጀምሯል። ለማንም አልተነፈስኩም። ከአንበሳሜ መልስ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ጎራ እያልኩ እዘፈዘፋለሁ፤ ለቤትም በጄሪካን እቀዳለሁ፤ ለጠየቀኝ «ገበያው አቆየኝ» እላለሁ። ጉልበቴ የታወቀ ቀን መኪናዬ ሄደች ማለት ነው።

ከዚያ መኪናዋም ታመመች። ሜዳውን ደህና ትሄዳለች፤ ዳገቱን ስትጀምር መርፌው ይነሳል፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ትተናለች። ሞገስ ልርዳሽ ብሎ ዋናው መንገድ ላይ ካለ አንድ ጋራዥ አስታየልኝ፤ ወሬውንም ይዞልኝ መጣ፤ «የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል። ሞተሩ አልቆለታል። እትዬ፣ የማትነዳ መኪና ልትነጅ አትችይም እንግዲህ። የሽማግሌዎቹ ቃል ይፈጸም።»

«ጋሽ ቸኮል ይዩአት፤ እሳቸው ሞታለች ካሉ ውሰዳት» አልኩት። ቃሌን ለመያዝ አብሮኝ መጣ።

«አስታማሚዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ተቀመጭ። በይ ሳ።»

«ትሞቃለች።»

«እሱን እሷ ነግራኛለች። ከዚያስ?»

«ሌላ የለም።»

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝና መልሰው ጨፈኑ። «ዳገት ላይ ነው?» አዎ አልኩ። «ከአንበሳሜ ተነስተሽ በቀጥታ ነው የምትመጭ?» በቀጥታ አልኩ። ሞገስ በአጠገቤ ቆሟል፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«ቴስታታው ነው ጋሼ» አለ ሞገስ። «ተሰንጥቋል።»

«አንተም አስታማሚ ነህ?»

«የባሏ ወንድም ነኝ።»

«ጠያቂ ነሃ! ጠያቂ እዚያ ጥላው ሥር ይቀመጣል።»

ሄዶ ተቀመጠ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያስደሰተኝ ነገር አልነበረም።

እጃቸውን ኮፋኖው ላይ አሳርፈው አቡነ ዘበሰማያታቸውን ደገሙ፤ ከፈቱት። የዘይት መለኪያውን መዘው በጣታቸው አሻሹት። «ዘይቷ ወተት አልመሰለም። ውሃና ዘይት አልተገናኙም።» የራዲያተሩን ክዳን አወለቁና «አስነሽ» አሉኝ። አስነሳሁ። አፉ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። «ቴስታታው ቢሰነጠቅ ይህ ውሃ እንደ ሽሮ ይንፈቀፈቅ ነበር። ዝም ብሏል።» ጥላው ሥር ሞገስ ተቁነጠነጠ።

ጥቂት ካሞቋት በኋላ አስጠፉኝና እጄን ያዙ። ሰው እጄን ከያዘኝ ቆይቷል። ራዲያተሩ ላይ አስቀመጡት። «እዚህስ?» «ሞቋል።» ወደ መሀሉ ወሰዱት። «እዚህስ?» «ቀዝቃዛ ነው።» «መሀሏ ተደፍኗል። የሞቀው ውሃ አልፎ አይበርድም። ሞተሯ ደህና ነው፤ የታነቀችው እዚህ ጋ ነው። ምን አነቃት ነው ጥያቄው።»

ከዚያ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ቀመሱት።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እግሬ ወረደ፤ ክብደቴን በቀኙ ላይ ጥዬ ነበር የቆምኩት። ፊቴ ጋለ። አሁን ይናገራሉ፣ አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ባሕር ዛፉ ዞሩ።

«አንተ ጠያቂ፣ እግርህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አቸቶ አምጣልኝ።»

«አቸቶ? ሰላጣ ላይ የሚደረገውን?»

«እሱን። ሃያ ጠርሙስ። አንዱ ሱቅ አይበቃህም፤ ከተማውን ዙር።»

ሞገስ እያጉረመረመ ከበሩ እንደወጣ «ወንዛዬ ነው» አሉኝ። «እኔም ወገቤን ሲያመኝ እዚያው ነው የምዘፈዘፍ። ጣዕሙን አውቀዋለሁ። እንዴት እዚህ ገባ?»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ጉልበቴን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጄሪካኑን፤ ሁለት ዓመት ውጬ የያዝኩትን ሁሉ። ጉልበቴን ካሸሁበት በኋላ ጄሪካኑ ውስጥ የሚተርፈውን ውሃ መኪናዋን እንደማጠጣት ነገርኳቸው።

«ለምን አልደፋሽውም?»

«ለእኛ ጠበል አይደል እንዴ ጋሼ? ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ እንዴት ይደፋል? ራዲያተር ውስጥ ማንም አይረግጠውም። ደግሞስ እኔን የሚያሽር ውሃ እሷን ምን ያደርጋታል ብዬ…»

ጋሽ ቸኮል ሳቁ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ልቀየም ሞከርኩ፤ አልቻልኩም፤ እኔም ሳቅኩ።

«የማንቆርቆሪያሽን ሆድ አይተሽዋል?» አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ነጭ ቅርፊት ይይዛል አይደል? ፍል ውሃ ደግሞ ከድንጋይ ሆድ ነው የሚወጣ፤ ድንጋዩን አሟሙቶ ይዞት ይመጣል። አንች ተዘፍዝፈሽ ትወጫለሽ። እሷ ግን ሆዷ ውስጥ ታፈላዋለች፤ ውሃው ይተናል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ሁለት ዓመት ድንጋይ ስታጠጫት ነው የኖርሽ!»

«ለሞገስ ይነግሩታል?»

«ጠያቂ ምን አገባው?»

ሞገስ በማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ የሚንቃጨል ጠርሙስ ተሸክሞ፣ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። በየሱቁ «ሠርግ አለብህ እንዴ? ሰላጣው ለስንት ሰው ነው?» እያሉ ሲያፌዙበት ውለዋል። ራዲያተሩ ተፈቶ አቸቶውን ጠጥቶ አደረ። በማግሥቱ ጋሽ ቸኮል ከታች ወደ ላይ ውሃ ለቀቁበት። በአፉ በኩል ነጭ ቅርፊት፣ እንደ እንቁላል ልጣጭ የተሰባበረ፣ እየተንጋጋ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሞገስ።

«እርጅና ነው» አሉት። «አንተም ብትታጠብ ይወጣሃል።»

መልሰው ሲገጥሙ የራዲያተሩን ክዳን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ከሥሩ ያለው ባለ ሞላ ምላስ ሲመለስ አሳዩኝ። «ይህን እንዳትንቂው። እዚህ ደጋ ላይ ሽምብራ የማይበስለው ለምን ይመስልሻል? ውሃው በደንብ ሳይሞቅ ነው የሚፈላ። አፍኖ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ከእንግዲህ የዝናብ ውሃ አጠራቅመሽ አጠጫት፤ እሱ ድንጋይ አያውቅም።»

መኪናዬን ልወስድ ስገባ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ደነገጥኩ። ለስለስ ብሏል። ዝቅ ብዬ ባይ መርገጫው ላይ ጉልበቴ ብዙ እንዳይታጠፍ ብረት ተበይዶበት፣ በላዩ የጎማ ቁራጭ ተለብጦበታል። እንዲሠሩልኝ አልጠየቅኳቸውም። አመሰግናለሁ ልል አንገቴን በመስኮት ባወጣ፣ ቸርኬያቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

በዚያ ሳምንት ዳገቱን ሽንኩርት ሙሉ ጭኜ ወጣሁት። መርፌው ከመሀል አልተነቃነቀም። ብቻዬን ጮክ ብዬ ዘፈንኩ። ሞገስ ደጅ ስደርስ ጡሩምባዬን ነፋሁ፤ ወጥቶ እስኪያየኝ ድረስ ደግሜ ነፋሁ። ትክክል አልነበረም። ዛሬም ግን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ያ የበርበሬው ቀልድ የመጣው ከጥቂት ወር በኋላ ነው። ሾፌሮቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ሞገስም የራሱን መኪና ይዞ መጥቷል። ከመኪናዬ ስወርድ አንዱ «የሻረግ ታነክሳለች ልበል?» አለ። ሁሉም ወደ እግሬ ዞረ። ጋሽ ቸኮል ከቸርኬያቸው ላይ ሆነው «እግሯን ተውና እጇን እይ!» አሉ። «ማርሽ ስትለውጥ በርበሬ የምትወቅጥ ትመስላለች!» ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ተነስቶ አወቃቀጤን አሳየ። እኔ ፊቴን አጥቁሬ ወጣሁ፤ ከዓመት በላይም ከሰላምታ በቀር አላናገርኳቸውም። አንድ ቀን ዳገቱን ስወጣ ነው ድንገት የገባኝ። ያን ዕለት ስለ እግሬ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላነሳም ነበር። ሙቀቱን ከእግሬ ወደ ሌላ በኩል ነው ያዞሩልኝ። በማግሥቱ ሄድኩና «ይቅርታ ጋሼ» አልኳቸው። «በርበሬው አለቀ?» አሉኝ።

እንግዲህ ለቀብራቸው ስመለስ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው የነዳሁት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት መኪና ኮፋኖዋን ከፍታ፣ በእንፋሎት ተሸፍና ቆማለች። ሞገስ ነው፤ እሱም ከታች ለቀብሩ እየተመለሰ ነበር። ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ሊዘረጋ ነው።

«እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። «ፊትህን ይገሸልጠዋል!»

«እትዬ፣ ቀብሩ እኮ ሊያመልጠን ነው!»

«ገና ስምንት ሰዓት አልሞላም። ኮፋኖውን ዝጋው።»

ዘጋው። የዝናብ ውሃ የያዘ ጄሪካኔን አወረድኩና ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ አፌ ነው ያለው። «አስታማሚው ማን ነው?»

ሞገስ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ላላ። «እኔ ነኝ» አለ።

«ተቀመጥ። በል ሳ።»

«ትሞቃለች።»

«እሱን እሷ ነግራኛለች። ከዚያስ?»

«ክዳኑ ከጠፋ ወር ሆነው። አፉን በፌስታልና በጨርቅ አስሬው ነው የምሄድ።»

«ከዚያስ?»

እኔም እንደ ጋሽ ቸኮል ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያኔ» አለ ሞገስ፣ «ጋራዡ ቴስታታው ተሰንጥቋል አላለም። ሊሆን ይችላል፣ ተከፍቶ ይታይ ነው ያለው። የቀረውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። መኪናዋን ለአማቼ ቃል ገብቼለት ነበር።»

ይህን ቃል ከአፉ የምሰማበትን ቀን ለዓመታት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የምመልስለትንም አዘጋጅቻለሁ፤ እየነዳሁ ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ። በልቤ ፈለግኩት። አልመጣልኝም። በምትኩ የወጣው ጉልበቴ ነው። ያኔ ሳላቋርጥ ወንዛዬ እመላለስ እንደነበር፣ ዛሬም ደህና እንዳልሆነ፣ ጄሪካኑን፣ ያን የማይደፋ ውሃ፣ ራዲያተሩን ማን እንደደፈነው፣ ሁሉን ነገርኩት።

ሞገስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መሰለኝ።

«አቸቶውን!» አለ። «ሃያ ጠርሙስ አቸቶ! በጀርባዬ! አንች ጉልበትሽን እስክትናዘዥ ነው ከተማውን ሙሉ ያዞሩኝ?»

«ለራዲያተሩም ነበር።»

«ሱቅ ያለችው ሴትዮ እኮ እስከ ዛሬ "ሠርገኛው" ነው የምትለኝ!»

ሳቅን። እሱ የቀብር ኮቱን፣ እኔ የገበያ ልብሴን ለብሰን፣ መንገድ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው እያየን ሳቅን። አንድ ሚኒባስ ቆሞ «ምን ሆናችሁ?» አለን፤ መመለስ አቅቶን በእጃችን ሸኘነው።

«ታዲያ ሽማግሌ ልትጠራ ነው?» አልኩት ሳቁ ሲበርድ። ቀልድ አስመሰልኩት።

ሞገስ ኮቱን አራገፈ። «እኔ ጠያቂ ነኝ» አለ። «ቦታዬ ጥላው ሥር ነው።»

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር አልኩህ አላልኩትም። ተነስተን ሁለታችንም መዳፋችንን ኮፋኖው ላይ አሳረፍንና አቡነ ዘበሰማያት ጀመርን። እኔ ለእሳቸው ብዬ ቀስ አድርጌ ነው የደገምኩት። እስከ መጨረሻው እጁን ያነሳ አልነበረም።

ለቀብሩ ደርሰናል፤ ሾፌሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ያን ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የምጨርሰው እዚያው ዳገት ላይ ነው። ጄሪካኑን አንስቼ ልቀዳለት ስል ሞገስ ክንዴን ያዘኝ። ጣቱን ጄሪካኑ አፍ ውስጥ ነከረና ቀመሰ።

«ከየት የተቀዳ ነው?»

«የዝናብ ነው፤ ከጣሪያዬ የወረደ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

አሰብ አደረገና እንደገና ቀመሰው።